ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ሽቦው የነገረውን ብቻ ነው

ስለ ዘመናዊ መኪና ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው አባባል አለ። «ይህ መኪና ኮምፒዩተር ስላለው ሁሉን ነገር በራሱ ያውቃል» ይባላል። አባባሉ የመኪና ሻጮች ብቻ ሳይሆን የሳይንስ ተማሪዎችም አነጋገር ከሆነ ቆይቷል። በእኛ እምነት ግን ይህ አነጋገር መታረም አለበት። የሞተር ኮምፒዩተር በራሱ የሚያውቀው አንዳችም ነገር የለም። ወደ እርሱ የሚደርሰው በሽቦ የመጣ የቮልቴጅ ምልክት ብቻ ነው። ሽቦው እውነቱን ከነገረው በትክክል ያሰላል፤ ሽቦው ከዋሸው ደግሞ ውሸቱን በታላቅ ፍጥነትና ጥንቃቄ አስልቶ ሞተሩን ያበላሻል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን መኪናው ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙ ሊለወጥ የሚችል የሞተር ኮምፒዩተርን በአንድ መኪና ላይ ገጥሞ ሽቦውን የዘረጋ ሰው የሚማረው ትምህርት፣ በፊዚክስ ላቦራቶሪዎቻችን ውስጥ ሥር ለሰደደ አንድ ክፉ ልማድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል ብለን ስለምናምን ነው። ልማዱ የቱ እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን መሣሪያውን እናስተዋውቅ።

ተከፍቶ የሚነበብ ኮምፒዩተር

እንደሚታወቀው የቤንዚን ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ አየር፣ ቤንዚንና በትክክለኛው ቅጽበት የሚፈነጥቅ የእሳት ብልጭታ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር ሲመጥን የኖረው ካርቡራተር ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ የቤንዚን መርጫ በብዛት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ ይኸውም የቦሽ ኩባንያ ዲ-ጄትሮኒክ በቮልስዋገን 1600 መኪና ላይ ሲገጠም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ቤንዚኑንም ብልጭታውንም በአንድ ዲጂታል ኮምፒዩተር የሚመራውን ሞትሮኒክ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የሞተር ኮምፒዩተር በየመኪናው የማይቀር ዕቃ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ፋብሪካ የገጠመው ኮምፒዩተር ለተማሪ የተዘጋ ሣጥን ነው። በውስጡ ያሉት ቁጥሮች ለዚያ ሞተር ብቻ ተመርጠው የታሸጉ ናቸው። ይህን ሣጥን ለብዙኃኑ ከከፈቱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 ብሩስ ቦውሊንግ እና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያቀረቡት ሜጋስኩዊርት ነው። ሜጋስኩዊርት ገዢው ራሱ ክፍሎቹን በብየዳ ገጣጥሞ የሚሠራው ኮምፒዩተር ሲሆን፣ አሠራሩ በግልጽ የተጻፈ፣ ቁጥሮቹም በተራ ኮምፒዩተር አማካይነት የሚነበቡና የሚለወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ሞዴል የቤንዚን ሠንጠረዥ በስምንት ረድፍና በስምንት ዓምድ የተደረደሩ 64 ሣጥኖች ነበሩት። እያንዳንዱ ሣጥን ሞተሩ በዚያ ፍጥነትና በዚያ ግፊት ሲሠራ ሲሊንደሩ ምን ያህል በአየር እንደሚሞላ የሚገልጽ ቁጥር ይይዛል።

በየምቱ የሚሠራ ቀመር

ውድ አንባብያን፣ ይህ ኮምፒዩተር የሚያሰላው ሒሳብ ከእናንተ የራቀ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማራችሁት የጋዝ ሕግ ነው። ግፊት በይዘት ተባዝቶ፣ ለጋዙ ቋሚ ቁጥርና ለሙቀቱ ሲካፈል የአየሩን ክብደት ይሰጣል። ኮምፒዩተሩ ግፊቱን ከአንድ ሴንሰር፣ የአየሩን ሙቀት ከሌላ ሴንሰር ይቀበላል፤ ይዘቱን አስቀድሞ ተነግሮታል፤ የአሞላሉን መጠን ከሠንጠረዡ ያነባል። ከዚያም ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ቤንዚን የሚለውን መጠን መነሻ አድርጎ ኢንጀክተሩ ለስንት ሚሊሰከንድ ክፍት መሆን እንዳለበት ይወስናል።

በቁጥር እንየው። እያንዳንዱ ሲሊንደር 400 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር እንውሰድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ የአየር ግፊቷ 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በባሕር ወለል ላይ ግን 101 ኪሎፓስካል ይደርሳል። የአየሩ ሙቀት በሁለቱም ቦታ 20 ዲግሪ ነው፣ ሲሊንደሩም 80 በመቶ ይሞላል ብንል፣ በአዲስ አበባ በአንድ ምት የሚገባው አየር 0.29 ግራም ያህል፣ ቤንዚኑም 20 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። መኪናው ወደ ጅቡቲ ወደብ ወርዶ በባሕሩ ዳር ሲቆም አየሩ 0.38 ግራም፣ ቤንዚኑም 26 ሚሊግራም ይሆናል። በደቂቃ 200 ግራም የሚረጭ ኢንጀክተር ካለን፣ በአዲስ አበባ ለ6 ሚሊሰከንድ፣ በጅቡቲ ግን ለ8 ሚሊሰከንድ ያህል መርጨት አለበት ማለት ነው።

ካርቡራተር ይህን ልዩነት በሙሉ ሊከተለው አይችልም። ቤንዚኑ የሚቀንሰው በአየሩ እፍጋት ልክ ሳይሆን በእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ልክ በመሆኑ፣ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር ሳይነካ ወደ አዲስ አበባ ቢወጣ ከሚያስፈልገው 15 በመቶ ያህል የበለጠ ቤንዚን ይሰጣል። ትርፉ ቤንዚን በማርሚታው በኩል ጭስና መርዘኛ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በደጋ ለሚኖር ሕዝብ የጋዝ ሕግ የፈተና ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ስሌት በምን ፍጥነት እንደሚካሄድም ልብ እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲሽከረከር አንዱ ዙር የሚፈጀው 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። አንዲት ዲግሪ በ28 ማይክሮሰከንድ ገደማ ታልፋለች። ብልጭታው የአንድና የሁለት ዲግሪ ስሕተት እንዳይኖርበት የሚፈለግ ከሆነ፣ ከክራንክ ሻፍቱ የሚመጣው ምልክት ከጎኑ በብዙ ሺህ ቮልት በሚተኮሰው ብልጭታ ሳይረበሽ መድረስ አለበት። የዚያ ሴንሰር ሽቦ በመከላከያ መረብ የሚሸፈነው፣ መረቡም በአንድ ጫፉ ብቻ ከኮምፒዩተሩ መመለሻ ጋር የሚያያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። የፋራዴይን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈ ሁሉ እዚህ ላይ በጆሮው ይሰማዋል፤ ሽቦው በመጥፎ መንገድ ከተዘረጋ ሞተሩ ይንተባተባልና።

የዋሸው ብሎን

አሁን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። በውጭ አገር የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርታችንን እንከታተል በነበረበት ወቅት፣ ከሁለት ባልንጀሮቻችን ጋር በመሆን የአንድ አሮጌ ባለ 1600 ሲሲ መኪና ካርቡራተር አውርደን በምትኩ ኢንጀክተሮችንና ሜጋስኩዊርትን ገጥመን ነበር። ሰሌዳውን በእጃችን በየድነው፤ ሽቦውን በየቀለሙ ለይተን ዘረጋነው፤ ሞተሩ ሲቆም የቤንዚን ፓምፑ በራሱ እንዲጠፋ በሪሌ አያያዝነው፤ ፊውዙንም ከባትሪው አጠገብ አደረግነው። ሞተሩም ተነሣ።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር። ካንዴላዎቹን ፈትተን ስናያቸው በጥላሸት ጠቁረዋል። ቤንዚን እንደበዛበት ግልጽ ስለ ነበር ፈጥነን ወደ ሠንጠረዡ ሄድንና ቁጥሮቹን እየደጋገምን ቀነስን። በሁለተኛው ቀን ማታ ጭሱ ጠፋ። ችግሩን የፈታን መሰለን። በማግስቱ ጠዋት ግን ቀዝቅዞ ያደረው ሞተር አልነሣም አለ፤ ብዙ ከተለመነ በኋላ ቢነሣም ይንቀጠቀጥና ይጠፋ ነበር። ትናንት ቤንዚን የበዛበት ሞተር ዛሬ ቤንዚን አንሶታል።

ፍንጩ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሲሠራ ኮምፒዩተሩ የራዲያተሩን ውኃ ሙቀት 65 ዲግሪ ብሎ ያሳይ ነበር። ሞተሩን ስናጠፋው ግን ቁጥሩ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ወደ 90 ዘለለ። ከባልንጀሮቻችን አንዱ «ውኃ እንዲህ አይሞቅም» አለ። እውነቱን ነበር። 5 ሊትር ውኃን በ25 ዲግሪ ለማሞቅ 525 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ ይህን በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ለመስጠት ደግሞ 525 ኪሎዋት ኃይል ያሻል። የዚያች መኪና ሞተር የዚህን ሩብ እንኳ የማመንጨት አቅም አልነበረውም፤ በዚያች ሰከንድ ደግሞ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ የተለወጠው ውኃው ሳይሆን ስለ ውኃው የሚነገረው ወሬ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የውኃ ሙቀት ሴንሰር ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መከላከል አቅሙ የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ ነው። በ20 ዲግሪ 3,500 ኦም ያህል የነበረው በ90 ዲግሪ ወደ 240 ኦም ይወርዳል። ኮምፒዩተሩ 5 ቮልት በ2,490 ኦም ሬዚስተር በኩል ይልክና በሴንሰሩ ላይ የቀረውን ቮልቴጅ ያነባል። በ90 ዲግሪ ማንበብ ያለበት 0.44 ቮልት ነው። እኛ ግን የሴንሰሩን መመለሻ ሽቦ ከቤንዚን ፓምፑና ከሌሎች ኃይል ጠጪ ዕቃዎች መመለሻ ጋር በአንድ ብሎን ሥር አስረነው ነበር። ያ ብሎን የታሰረው ቀለሙ ባልተፋቀ ቆርቆሮ ላይ ነው። በመገናኛው ላይ የቀረው መከላከል 0.05 ኦም ብቻ ነበር። ነገር ግን ሞተሩ ሲሠራ 10 አምፔር ስለሚያልፍበት፣ በኦም ሕግ መሠረት 0.5 ቮልት በዚያ ብሎን ላይ ይቀራል። ኮምፒዩተሩ 0.44 በማንበብ ፈንታ 0.9 ቮልት ያህል ያነባል፤ ከዚህም ተነሥቶ ሴንሰሩ 540 ኦም ገደማ ነው፣ ውኃውም 65 ዲግሪ ነው ብሎ ይደመድማል። ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ስለሚያምንም ለቀዝቃዛ ሞተር የሚሰጠውን ተጨማሪ ቤንዚን ይጨምራል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለስ? ሴንሰሩ 3,500 ኦም በሆነበት ሰዓት ያው 0.5 ቮልት የሚያስከትለው ስሕተት አራት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ጠዋት ኮምፒዩተሩ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም፤ የኛ የተቀነሰ ሠንጠረዥ ግን ቤንዚኑን ያሳጣዋል። በትኩስ ሞተር ላይ ስሕተቱን የሸፈንንበት ቁጥር በቀዝቃዛ ሞተር ላይ አዲስ ስሕተት ሆነ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ያንን ብሎን አስቀድመን በመልቲሜትር ፈትሸነው ነበር። መልቲሜትሩም ተገናኝቷል ለማለት ድምፅ አሰማን፤ እኛም አመንነው። ይሁን እንጂ ድምፁ 0.05 ኦምን ከዜሮ አይለይም። ትክክለኛው ምርመራ ሞተሩ እየሠራ፣ ጅረቱ እያለፈ፣ በብሎኑና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ያለውን ቮልቴጅ መለካት ነበር። ይህን ባደረግን ጊዜ መልሱ ወዲያው ተገኘ። ቀለሙን ፋቅን፤ የሴንሰሮቹን መመለሻ ከፓምፑ ለይተን በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተሩ ወሰድን፤ በሠንጠረዡ ላይ የለወጥናቸውን ቁጥሮች በሙሉ ወደ ነበሩበት መለስን። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሥሩ በሽቦው ላይ ሳለ እኛ ሁለት ቀን ቅጠሉን ስንለቅም ሰነበትን።

9.81ን ፍለጋ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። በየዓመቱ ተማሪዎች በፔንዱለም አማካይነት የመሬትን ስበት ፍጥነት ይለካሉ። በመማሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው 9.81 ነው። ሪፖርቶቹ ሲሰበሰቡ ብዙዎቹ በሚያስደንቅ ሁኔታ 9.81 ይላሉ። የሩጫ ሰዓቱ አሮጌ፣ ክሩ የሚለጠጥ፣ የቆጣሪው እጅ የሚዘገይ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ግን ያው ነው። ይህ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሦስተኛው ልኬት «ተስተካክሏል»፤ አምስተኛው ተሰርዟል። እኛ ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ ሠንጠረዡን እንደ ቀነስን ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሚታደነው ቁጥር ራሱ የኛ አለመሆኑ ነው። 9.81 የሚለው ቁጥር በመካከለኛ ኬክሮስ፣ በባሕር ወለል አቅራቢያ ላሉ ቦታዎች የተጠጋጋ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከፍታዋም ብዙ በመሆኑ በዚያ ያለው ትክክለኛ መጠን 9.77 ገደማ ነው። እንግዲህ በጥንቃቄ ለክቶ 9.77 ያገኘውንና ፈርቶ ወደ 9.81 የለወጠውን ተማሪ አስቡት። መሬት እውነቱን ነግራው ነበር፤ እርሱ ግን ከመሬት ይልቅ መጽሐፉን አመነ።

ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ነው አንልም። ለመጽሐፉ ቁጥር የቀረበውን ሪፖርት በከፍተኛ ውጤት ስንሸልም የኖርነው እኛ መምህራን ነን። 9.4 አግኝቶ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ በሐቅ ለጻፈ ተማሪ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠን እጅም የኛው እጅ ነው። ወረቀት ጭስ አይተፋም፤ ጠዋት አልነሣም አይልም። በመሆኑም ሐሰተኛው ሪፖርት ተሸላሚ ሆኖ ያልፋል። ከዚያ ተማሪው ይመረቅና መድኃኒት ሊመዝን፣ የድልድይ ሸክም ሊያሰላ፣ የግድብ ውኃ ሊለካ ይሄዳል። ሥጋታችን እዚህ ላይ ነው። ሞተር ግን ይቅር አይልም፤ በተሸፈነ ልኬት ላይ አይሠራም። መልካም መምህር የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «የቤንዚን መኪና ዘመኑ እያለፈ ነው፤ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች፤ ታዲያ ስለ ኢንጀክተር መማር ምን ይጠቅማል?» ሊሉን ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ የኢንጀክተር ሳይሆን የልኬት ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥም የእያንዳንዱን የባትሪ ሴል ቮልቴጅና ሙቀት የሚከታተል ኮምፒዩተር አለ፤ እርሱም የሚያውቀው ሽቦው የነገረውን ብቻ ነው። እዚያ የላላ መገናኛ የሚያስከትለው ጥቁር ጭስ ሳይሆን ከፍ ያለ ሙቀትና የእሳት አደጋ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም በአገሪቱ መንገዶች ላይ ያሉት የቤንዚን መኪናዎች በአንድ ሌሊት አይጠፉም።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የጋራዥ ሥራ ነው፤ የፊዚክስ ተማሪ እጁን በግራሶ ማቆሸሽ የለበትም» ይላሉ። ይህን አስተሳሰብ ፈጽሞ አንቀበለውም። ልምድ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሽያን የላላ ግንኙነትን በቮልቴጅ ጉድለት ፈልጎ ያገኛል፤ የኦምን ሕግ ስም ባይጠራም ይሠራበታል። የኛ ተማሪ ደግሞ ስሙን ይጠራል፤ አይሠራበትም። ሁለቱ ቢገናኙ ሁለቱም ይጠቀማሉ። መካኒኩ የሞተር መብራት ሲበራ አምፖሉን ከመንቀል ይልቅ መብራቱ ለምን እንደ በራ ለመጠየቅ የሚያስችል ዕውቀት ያገኛል፤ ተማሪውም ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ያያል።

ምን ይደረግ?

የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ የሳይንስ ፋኩልቲ ከአደጋ መኪና የተረፈ አንድ ሞተር፣ በብረት መቆሚያ ላይ የታሰረና ፕሮግራሙ የሚለወጥ ኮምፒዩተር የተገጠመለት፣ በላቦራቶሪው ግቢ ሊኖረው ይችላል። ሥራው መመራት ያለበት በፊዚክስ መምህርና በሠለጠነ መካኒክ በጋራ ነው። ቤንዚኑ በመስመሩ ውስጥ 3 ባር በሚደርስ ግፊት ስለሚጓዝ የእሳት ማጥፊያና ክፍት አየር የግድ ያስፈልጋሉ። ጀማሪዎች የገጠሙት ሽቦ ሰው በሚሳፈርበት መኪና ላይ እንዳይሞከርም አጥብቀን እናሳስባለን።

ከዚያ መምህሩ ሆን ብሎ አንዱን መገናኛ ያላላ፤ ተማሪዎቹም ያግኙት። ውጤት የሚሰጣቸው ሞተሩ ስለ ተነሣ ሳይሆን ጥፋቱን ያገኙበትን መንገድ፣ የለኩትን ቁጥርና የተሳሳቱበትን ጭምር በሐቅ ስለ ጻፉ ይሁን። ሞተር ለማግኘት ለማይችል ትምህርት ቤትም አንድ ሙቀት ለኪ ሴንሰር፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ የመኪና አምፖልና የዛገ ብሎን ይበቃሉ። አምፖሉ ሲበራ ሙቀቱ ስለ ምን «ተለወጠ» ብሎ መጠየቅ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ጥሩ ትምህርት ነው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ከመምህራን የሚጠበቅ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። በሚቀጥለው የፔንዱለም ሪፖርት 9.4 ብሎ ጽፎ ምክንያቱን የመረመረ ተማሪ ሲመጣ፣ 9.81 ብሎ ዝም ካለው የበለጠ ነጥብ እንስጠው። እኛ በበኩላችን ይህን ለማድረግ ወስነናል።